ንጉሡን የሚያማ አስጎብኚ

ሙኒክ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣብን የት እንደምንወስደው ብዙም አንጨነቅም። ኖይሽቫንሽታይን አለልን። አልፕስ ተራሮች ሥር፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ነጭ ግንብ ነው። በስም የማያውቀው እንኳ በፎቶ ያውቀዋል።

እኔም አክስቴን ይዤ በቀን ጉዞ አውቶቡስ ሄድኩ። አክስቴ ጎንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ወዴት እንደምንሄድ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ለጎንደር ልጅ ግንብ ልታሳይ ነው?»

ስለ ፈረንጅ ሰዓት አክባሪነት የተባለው ስለሚበቃ አልደግመውም። የመግቢያ ሰዓትህ ትኬቱ ላይ አለ፤ ካለፈህ አለፈህ። ያለ አስጎብኚ ውስጡን ማየት አይቻልም፤ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ጉብኝቱ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ዳገቱን በእግር፣ በአውቶቡስ ወይም በፈረስ ጋሪ ትወጣለህ። አክስቴ ጋሪውን መረጡ፤ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ሊወርዱ ምንም አልቀራቸውም።

እኔን የገረመኝ የአስጎብኚዋ አፍ ነው። ግንቡን ያሠራው ሙኒክ ያለችበት የባቫሪያ ንጉሥ፣ ሉድቪግ ሁለተኛ ነው። አስጎብኚዋ ስለ እሱ የደበቀችው ነገር የለም። ከሰው ይሸሽ እንደነበር፣ ግንብ በግንብ ላይ እያሠራ ዕዳ ውስጥ እንደተዘፈቀ ነገረችን። የዙፋኑ አዳራሽ ወርቅ በወርቅ ነው፤ ዙፋን ግን የለውም። ንጉሡ ስለሞተ ሳይሠራ ቀረ። ከክፍሎቹም ተሠርተው ያለቁት ጥቂቶቹ ናቸው።

አሟሟቱንም አልዘለለችውም። በ1886 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ሐኪሞች ቀርበው ሳይመረምሩት አእምሮው ተነክቷል ብለው ፈረሙ። ከዚሁ ግንብ ወሰዱት። በማግስቱ እሱም ዋናው ሐኪምም ሽታርንበርግ ሐይቅ ውስጥ ሞተው ተገኙ። እንዴት እንደሞቱ ዛሬም ያከራክራል። በሰባት ሳምንቱ ግንቡ ለከፋይ ጎብኚ ተከፈተ።

እኔ በሹክሹክታ እየተረጎምኩ ነበር። አክስቴ «ሳያዩት? ዘመድ የለውም?» አሉኝ። እንደራሴ ሆኖ ሥልጣኑን የያዘው አጎቱ ነው አልኳቸው። «በል ተወው፣ ገብቶኛል» አሉ። የቤተ መንግሥት ነገር ለጎንደር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዕድሜ ከሄድን ውድድር የለም። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ሉድቪግ የመሠረት ድንጋዩን ያስቀመጠው በ1869፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በዓመቱ ነው። እሱ የሠራው የድሮ ባላባት ቤት የሚመስል ነገር ነው፤ የኛዎቹ ነገሥታት ግን ኖረውበት፣ ፈርደውበት፣ ግብር አብልተውበታል። ይህን ስል ደረቴን ነፋ አድርጌ እንደሆነ አልክድም።

የጎንደሩ አስጎብኚ ደግሞ ሰዓት አይቆጥርብህም። ግድግዳውን ዳስሰህ፣ የአንበሳውን ቤት አይተህ፣ ጥያቄ ጠይቀህ ትወጣለህ። በዚህ ጀርመኖቹን ያስንቃል። ግን የኢያሱ ግንብ ፊት አቁሞ ስለ ዝሆን ጥርሱና ስለ ወርቁ ይነግርህና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ታላቁ ኢያሱ በ1706 በገዛ ልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ ልጁ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ መገደላቸውን እኔ ከአስጎብኚ አልሰማሁም። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሁል አፄ ኢዮአስን ማስገደላቸውና ዘመነ መሳፍንት ከዚያ መቆጠሩም እንዲሁ። በ1866 ከተማዋን ያቃጠሉት ቴዎድሮስ መሆናቸውማ ሹክም አይባል።

በአስጎብኚው አልፈርድም። ለጀርመኖቹ ንጉሥ የሚባል ነገር በ1918 አበቃ፤ ሉድቪግን ብታማው አብዛኛው ሰው ቅር አይለውም። እኛ ዘንድ ግን የሦስት መቶ ዓመት ንጉሥ ስም ስታነሳ፣ ከጎብኚዎቹ አንዱ ወገኔ ተሰደበ ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ያኔ ጉርሻውም ይቀራል። ደግሞ ከውጭ የምንመጣው እኛ ራሳችን ኩራት ልንሸምት ነው የምንሄደው። አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የለም ሲባል እናጨበጭባለን። አባቱን ስላስገደለ ልጅ ሊሰማ ቲኬት የቆረጠ ዲያስፖራ አላየሁም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አክስቴን ስለ ኢያሱ ጠየቅኳቸው። ሙኒክ እስክንደርስ አወሩልኝ። ልጅ ሳሉ ከአያታቸው የሰሙት ነው። ጣና ላይ ያለው ደሴት፣ የገዳዮቹ ነገር፣ የሕዝቡ ለቅሶ፣ ምንም አልቀረም።

«ታዲያ ይህን አስጎብኚዎቹ ለምን አይነግሩንም?» አልኳቸው።

«እንግዳ ፊት?»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«ትኬት ቆርጠህ አይደል የምትገባው?» አሉኝ።