ከአሜሪካ የተሰደደው ልጅ

የዓለም ሕዝብ አሜሪካ ለመግባት ተሰልፏል። ዲቪ የሚሞላ አለ። ስፖንሰር የሚለምን አለ። ኤምባሲ በር ላይ ዶክመንቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያውቀውን ታቦት ሁሉ የሚጠራ አለ። ይሄ ሁሉ ሰው ለመግባት ሲጋፋ፣ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት አሜሪካዊ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። እንጀራ ፍለጋ። ከአሜሪካ!

ክርስቲያን ፑሊሲች ይባላል። ሙያው ኳስ ነው፤ የመስመር አጥቂ።

"ምን ጎድሎት?" ማለታችሁ አይቀርም። ምንም አልጎደለውም። ተወልዶ ያደገው ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ኸርሺ በምትባል ከተማ ነው። ኸርሺ የቸኮሌት ከተማ ናት። ሲያሞካሿት እንዳይመስላችሁ። ትልቁ መንገዷ "ቸኮሌት ጎዳና" ይባላል። የመንገድ መብራቶቿ ራሳቸው በፋብሪካዋ ቸኮሌት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፤ ግማሾቹ ወረቀታቸው እንደተጠቀለለ፣ ግማሾቹ ተልጠው። እንዲህ ያለ ከተማ ጥሎ የሚሰደድ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ኳስ ይዞታል።

ይዞታል። እናትም አባትም ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። አባት ከዚያም በኋላ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን ኳስ በሙያነት ተጫውቶ፣ አሰልጣኝ ሆኖ ኖሯል። ሌላው አሜሪካዊ ልጁን ቤዝቦል ሲያስይዘው እነዚህ ኳስ አስያዙት። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ኳስ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው። ወላጅ ለታዳጊ ክለብ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ላደገ ሰው ይሄ ቀልድ ይመስላል። ለኳስ? ክፍያ? ለመራገጥ?

ወደ ስደቱ እንመለስ። ስደት ደግሞ ያለ ወረቀት አይሆንም፤ አሜሪካዊም ብትሆን። የፊፋ ሕግ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከአገር አገር ማዘዋወር ይከለክላል። ከጥቂቶቹ ቀዳዳዎች አንዷ የአውሮፓ ኅብረት ናት። የኅብረቱ ዜጋ የሆነ ልጅ በኅብረቱ ውስጥ አሥራ ስድስት ሲሞላው መዘዋወር ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ያ ስንቱ በሕልሙ የሚያየው ሰማያዊ ደብተር፣ እዚህ ጋ ዋጋ የለውም። ምን ይደረግ? ቤተሰቡ እንደማንኛውም ፕሮሰስ እንደጀመረ ቤተሰብ የዘር ሐረግ መቁጠር ያዘ። አያትየው ተገኙ! ኦሊብ ከምትባል የክሮኤሺያ ደሴት መጥተው አሜሪካ የገቡ ሰው ናቸው። ክሮኤሺያ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረትን የተቀላቀለችው በፈረንጆቹ 2013 ነው። ፑሊሲች ወደ ጀርመን የሄደው በ2015። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን አያትም ደሴትም አያድኑትም ነበር። አያት ጥለውት በወጡት አገር ወረቀት የልጅ ልጅ ከአሜሪካ ወጣ። የእሱ እኩያ የሆኑ፣ ምናልባትም ከእሱ የማያንሱ ስንት አሜሪካውያን ልጆች ግን የአውሮፓ አያት ስለሌላቸው አሥራ ስምንት እስኪሞላቸው አገራቸው ቁጭ አሉ። ዘመድ ጥሩ ነው።

የጀርመኑ ክለብ ዶርትሙንድ ገባ። አባት አብሮት ሄደ፤ እናት አሜሪካ ቀረች። ቀን ቀን የማይሰማው ቋንቋ የሚነገርበት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ ከአባቱ ጋር አፓርታማ። ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል። በፍራንክፈርትም በስቶክሆልምም ያለ የእኛ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ሲያወራ የሚያወራው ይሄንኑ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ሰኞ ለቋንቋ ትምህርት ተቀምጦ፣ ቅዳሜ ሃያ አራት ሺህ ሰው ቆሞ የሚዘፍንበት ቢጫ ግድግዳ ፊት መጫወቱ ነው።

ጥር 2016 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ሚያዝያ ላይ ሀምቡርግ ላይ አገባ። ያኔ ዕድሜው 17 ዓመት ከ212 ቀን ነበር። በጀርመን ሊግ፣ በቡንደስሊጋ ታሪክ ጎል ያስቆጠረ በዕድሜ ትንሹ የውጭ ዜጋ ሆነ።

ዘመድ የበዛው ይሄኔ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ ሥራ መያዙ እንደተሰማ ምን እንደሚሆን አታጡትም። የአንዱ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራል። የሌላው ልጅ ሠርግ ይቆረጣል። አሥር ዓመት ያልደወለ አጎት "ድምፅህ ናፈቀኝ" ይላል። አሜሪካም እንዲሁ ሆነች። የምታፈስ ሊግ አላት። መድረስ ያለባት የዓለም ዋንጫ አላት። ለዘመናት "ይሄ ኳስ ለምን አይገባንም?" የሚል ቁጭት አላት። ሁሉንም ሰብስባ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ጫነችው። "ካፒቴን አሜሪካ" ብላም ስም አወጣችለት። ልጁ ዝምተኛ ነው። ካሜራ ሲያይ አንገቱን የሚደፋ ዓይነት። ማን ጠይቆት!

ከዚያ በፈረንጆቹ ጥቅምት 10 ቀን 2017 መጣ። ትሪኒዳድና ቶቤጎ። የምድቡ ውራ። ለአሜሪካ አቻ ይበቃታል፤ ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ ታልፋለች። ከጨዋታው በፊት በነበረው ልምምድ የሜዳው ዳር በዝናብ ተጥለቅልቆ ነበር። ታዲያ ተጫዋቾቹ ጫማቸው እንዳይርስ በቡድኑ ሠራተኞች ጀርባ ታዝለው ሜዳ ገቡ። ፎቶው አለ። አንድ ሙሉ ጎልማሳ፣ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ደሞዝተኛ፣ ሌላ ጎልማሳ ጀርባ ላይ። የአገሬው ሰው ፎቶውን ሲያይ ቅር አለው፤ ሜዳችንን ሊያጣጥሉ ነው ብሎ። በማግስቱ 2 ለ 1 ሸኛቸው። ለአሜሪካ ያገባው ማነው? የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ። አሜሪካ ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ቀረች። ልጁ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሱን አዝሎ የሚያወጣ ያኔ አልተገኘም።

በጥር 2019 ቼልሲ 64 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለበት። ለአሜሪካዊ ተጫዋች እንዲህ ያለ ገንዘብ ወጥቶ አያውቅም። የክለቡ ኮከብ ኤደን ሃዛርድ ክረምቱ ላይ ወደ ማድሪድ ሄደ፤ ክለቡ ደግሞ የዝውውር እገዳ ላይ ነበር። እናም "በሃዛርድ ቦታ" ተባለ። ምስኪን።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ሰፈር ይገባል። ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ቼልሲ የሌለበት ሰፈር የለም፣ የዲኤስቲቪ ቤት ተንታኝም ምሕረት አያውቅም። የመጀመሪያው ፍርድ የተሰጠው ልጁ ኳስ ሳይነካ ነው። "አሜሪካ ኳስ ምን ታውቃለች? እነሱ እግር ኳስ የሚሉት በእጅ የሚያዘውን ነው!" ሳቅ። ቀጥሎ ልጁ ለሳምንታት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "አላልኩም?" ከዚያ ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ በርንሌይ ላይ ሃትሪክ ሠራ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግንባር። ያው ተንታኝ ብርጭቆውን አስቀምጦ "እኔ ድሮም ጀርመን እያለ አውቀዋለሁ" አለ። ማንም አልተቃወመውም። በዲኤስቲቪ ቤት ሕግ፣ ቃል በየዘጠና ደቂቃው ይታደሳል።

ችግሩ ጡንቻው ነበር። ልጁ በሮጠ ቁጥር አንድ ነገር ይሸመቀቃል። በ2020 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ በባዶው ዌምብሌይ፣ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አርሰናል ላይ አገባ። ከእረፍት መልስ ተከላካይ ጥሎ በረኛ ፊት ሲደርስ የታፋው የኋላ ጡንቻ፣ ሀምስትሪንጉ ከዳው። በተጎዳ እግሩ መትቶ ወደቀ። ኳሷም ወጣች፣ እሱም ወጣ። ዋንጫውን በሁለት ጎል የነጠቀው ደግሞ የድሮ የዶርትሙንድ ጓደኛው ኦባሜያንግ ነው። ኮሮና እቤቱ ያስቀመጠው የአርሰናል ደጋፊ ያን ቀን ብቻውን ጮኸ። ጎረቤት መርዶ የመጣ መስሎት እንደነበር ይነገራል።

ደግ ቀንም አልታጣ። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማድሪድ ላይ በረኛውን ኩርቱዋን አታሎ አልፎ አገባ። ፖርቶ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ተቀይሮ ገብቶ ዋንጫውን አነሳ። በዚያ ፍጻሜ ሜዳ የረገጠ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ነው። አሜሪካ ጨፈረች። ያን ዋንጫ በእውን ምን እንደሆነ የማያውቀውም ጭምር።

በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ዘመድ በሙሉ ቴሌቪዥን ከቦ ተቀመጠ። ኢራንን ካላሸነፉ ይመለሳሉ። በ38ኛው ደቂቃ ኳሷ ስትሻገር ልጁ ተወርውሮ ገፋት፤ ገባች። እሱም ከበረኛው ጋር ተላተመ። ተነስቶ እረፍት ድረስ አነከሰ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። አሜሪካ 1 ለ 0 አለፈች። ከጎሉ በላይ መነጋገሪያ የሆነው ግን የተመታበት ቦታ ነበር። ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይጠያየቃል። "ለአገሩ ሲል ያንን ሰዋ" እስከ መባል ተደረሰ። ልጁ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ ጉዳቱ የዳሌ አጥንት ላይ ነው፣ እናንተ የምታስቡት ቦታ አይደለም ብሎ ማስተባበል ነበረበት። እናት፣ አባትና መላው ዓለም እየሰሙ! ከአራት ቀን በኋላ ከነሕመሙ ኔዘርላንድስን ገጠመ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ብቻውን ከበረኛ ጋር ተገናኝቶ ሳተ። አሜሪካ 3 ለ 1 ተሸንፋ ወጣች። ዘመድ ምን አለ? "ያቺን ኳስ ቢያስገባት ኖሮ።" ሆስፒታሉ ተረሳ።

እስቲ አሁን ወደ አለቆቹ ጉዳይ እንግባ፤ የዚህ ልጅ ስደት ግራ የገባው እዚህ ጋ ነው። በ2022 ቼልሲን የገዛው ማነው? በቶድ ቦህሊ የሚመራ የአሜሪካ ባለሀብቶች ቡድን። ልጁ ውቅያኖስ ተሻግሮ ያመለጣት አሜሪካ በዶላር ተከትላው መጣች። የአገር ልጅ መጣልኝ ብሎ ደስ ሳይለው አልቀረም። የአገር ልጅ በቀጣዩ ክረምት ሸጠው። በ64 ሚሊዮን የመጣው በ20 ሚሊዮን ገደማ ሄደ።

የሄደው ወደ ኤሲ ሚላን ነው። የሚላን ባለቤትስ? ሬድበርድ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት። አሜሪካዊ።

ደግነቱ ሚላን ተስማማችው። በመጀመሪያው ዓመት በጣሊያን ሊግ፣ በሴሪ ኣ 12 ጎል አገባ። እዚያም ቢሆን ዕድሉ ዕድል ነው። ጥቅምት 2023 ከጄኖዋ ጋር ሲጫወቱ በ87ኛው ደቂቃ የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ። በእጁ ነክቷል አልነካም የሚለው ክርክር ገና ሳይበርድ የሚላን በረኛ ማይኛን በቀይ ወጣ። ቅያሬ አልቋል። አጥቂው ዢሩ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ፣ የመጨረሻዋንም ኳስ ተወርውሮ ያዘ። በማግስቱ ወሬው ሁሉ ዢሩ ሆነ። ክለቡ የዢሩን የበረኛ ማሊያ ለገበያ አቀረበ፤ ወዲያው ተሸጦ አለቀ። ጨዋታውን ያሸነፈው ሰው ማሊያ እዚያው ማንጠልጠያው ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በ2025 ክረምት ደግሞ ልጁ ያልታሰበ ነገር ጠየቀ። ዕረፍት። ከጎልድ ካፕ፣ ማለትም ከአሜሪካና ከጎረቤቶቿ የብሔራዊ ቡድኖች ዋንጫ በፊት ያሉትን ሁለት የወዳጅነት ጨዋታዎች ልጫወት፣ ውድድሩን ግን ልለፈው፤ ሰውነቴ ደክሟል አለ። ጉድ ፈላ! ውጭ ያለ ዘመድ "በዚህ ወር አይመቸኝም" ሲል የሚነሳው ዓይነት ጉድ። የቀድሞው ኮከብ ላንደን ዶኖቫን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የአርባ ዓመቱ ሮናልዶ ለአገሩ ሲያለቅስ እያየሁ የእኛዎቹ ዕረፍት ላይ መሆናቸው ያናድደኛል አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ጉሮሮ መጥረግ ያስፈልጋል። ዶኖቫን ራሱ በ2013 መጀመሪያ ላይ ደከመኝ ብሎ ኳስ ትቶ፣ ለወራት ጠፍቶ፣ ካምቦዲያ ድረስ ሄዶ ያረፈ ሰው ነው። የዕረፍትን ጥቅም ከእሱ በላይ የሚመሰክር አይገኝም ነበር።

ብሔራዊ ቡድኑን የሚያሰለጥነው ፖቼቲኖም ተቆጣ። ለሁለቱ ጨዋታ ብቻ መምጣት የለም፣ የምወስነው እኔ ነኝ፣ እኔ የሱቅ አሻንጉሊት አይደለሁም አለ። ፖቼቲኖን ታስታውሱታላችሁ። ፑሊሲች በ2023 ከቼልሲ ሲወጣ በዚያው ክረምት በሌላኛው በር የገባው አሰልጣኝ ነው። ለንደን ላይ ተላልፈው አሜሪካ ላይ ተገናኙ።

አያችሁት ይሄን ስደት? ሚላን ላይ አለቃው አሜሪካዊ። አገሩ ሲገባ አለቃው አርጀንቲናዊ።