ለጣሪያችን ጠብታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እየዘነበ
አዲስ አበባ

ለክቡር ጠብታ
ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ

ጉዳዩ፦ ያለ ውል ስለመኖርዎ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንኳን በደህና መጡ። ዘንድሮም አልቀሩም። ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነው ቢባልም፣ እርስዎ እኛ ቤት የገቡት ልጆቹ ገና ፈተና ላይ እያሉ ነው። መቼም ናፍቆት ነው እንጂ እንዲህ አያስቸኩልም። «ልመጣ ነው» ብሎ መደወል የለ፣ በር ማንኳኳት የለ። መሃል ሳሎን ጠብ!

እኛ ይህን ቤት የያዝነው በውል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ተመዝግቦ፣ ከሁለት ዓመት ሳያንስ ነው። እርስዎ ግን ውል የለዎትም። ቅድሚያ አልከፈሉም። ደላላ እንኳን አላገናኘዎትም። ሆኖም የቤቱን ምርጥ ቦታ የያዙት እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ ሲባል ሶፋው ግድግዳ ሥር ተገፍቷል። ቴሌቪዥኑ ፌስታል ለብሷል። እኔም ዜና የማየው አንገቴን ጠምዝዤ ነው። ከዜናው አንፃር ይህ ያን ያህል ጉዳት አይደለም።

ስለ እርስዎ ለአከራያችን ያላመለከትነው ነገር የለም። «ልጆቼ፣ በዚህ ዝናብ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣል? ትንሽ ያባራ እንጂ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። አምና መስከረም ሲጠባ ሄደን አስታወስናቸው። «አሁንም ያፈሳል እንዴ?» አሉ። አያፈስም፣ ፀሐይ ነዋ። «ታዲያ ምኑ ይሠራል?» ብለው ቡና አፈሉልን። ቡናው ግሩም ነበር።

ዘንድሮ ባለቤቴ አላስችል አላትና ባለሙያ ጠራች። ልጁ መሰላል ተደግፎ ወጣ፣ ከላይ ሲያንኳኳ ቆየና ወረደ። መዳፉ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ምስማር ይዟል። ከኮፍያዋ ሥር ያለችው ጎማ ደርቃለች፤ በጣት ሲነኳት እንደ ብስኩት ተፈረፈረች። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ እንዲህ እያለ ምስማሩን ያላላዋል፣ ጎማውንም ይጨርሰዋል ብሎ አስረዳን። በዚያ ላይ ጣሪያውን የመታው ሰው፣ እጁ ይባረክ፣ ምስማሩን የሰካው ጉብታው ላይ ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነው። እንግዲህ ለእርስዎ በር ከፍቶልዎት የሄደው እሱ ነው።

ባለሙያችን ቀዳዳውን በካትራሜ ለቀለቀ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። በማግስቱ ዘነበ። እርስዎም ሁለት ስንዝር ወደ ግራ ፈቀቅ ብለው ወረዱ። ስንደውልለት «ውሃ እኮ ሞራሌውን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ይዞ ይሄዳል፤ የሚገባበትና የሚወርድበት አንድ ቦታ አይደለም» አለን። ይህን ትምህርት በነፃ አላገኘነውም።

ስለ ድምፅዎም ላንሳ። ባዶ ባልዲ ላይ ሲወርዱ «ቃ!» ይላሉ። ባልዲው ሲጋመስ ወደ «ጥብ» ይለወጣሉ። ልጆቹ አሁን ከብርድ ልብስ ሳይወጡ ባልዲው የት እንደደረሰ ይናገራሉ። ለፍልሰታ ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቴ ግን እንዲህ ያለ ሙዚቃ አይወዱም። የመጀመሪያውን ሌሊት ተነስተው ባልዲው ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። እርስዎም ጸጥ አሉ። ሁላችንም ለጥ ብለን ተኛን። ባልዲው መሙላቱን የነገረን ሰው ስላልነበረ ጠዋት ምንጣፉን ያገኘነው ዋኝቶ ነው።

ከአማቴ ጋር የነበረዎትን ሁለተኛ ግጥሚያም የሚረሱት አይመስለኝም። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው፣ ቀለም የተቀባ። ያን ዕለት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ እርስዎ መውረዱን ትተው እላይ መጠራቀም ጀመሩ። የአቡጀዲው ሆድ ተነፋ። ባለቤቴ «ኧረ ልጆቹን አንሱልኝ!» ትላለች። ልጆቹ ሥሩ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። እኔ ስልኬን አውጥቻለሁ፤ ለማን እንደምደውል ግን አላውቅም። አማቴ ስፌታቸውን ከጭናቸው አወረዱ። ወንበር ላይ ወጡ። በወስፌያቸው ሆዱን ከመሃል ሳይሆን ከዳር፣ ልክ ሳፋው ከተቀመጠበት በላይ፣ ወጋ አደረጉት። ቀላ ያለ የዝገት ውሃ ቀጥ ብሎ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ከምንጣፉ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም። ወስፌውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና ስፌታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ውለታዎን ግን አልክድም። ሰው ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ ሲለን መልስ አለን። ባለቤቴ ድሮ የተወችውን ኪሮሽ አንስታለች፤ ደረቁ ጥግ ለአንድ ሰውና ለአንድ ዳንቴል ብቻ ነው የሚበቃው። ትልቋ ልጄ ኮርኒሱ ላይ የሚሰፋውን እድፍ በየጊዜው በእርሳስ ትስላለች። በሬ ነው፣ አይ ጀበና ነው እየተባለ ክርክሩ እስካሁን አልተፈታም። ትንሹ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሲለማመድ ምት የሚይዝለት እርስዎ ነዎት። አውጪው እሱ፣ ተቀባዮቹ ጓደኞቹ፣ ከበሮ መቺው እርስዎ። ዝናቡ ሲያባራ ልምምዱ ይበላሻል። በቡሄ ሙልሙል ሲካፈሉ የእርስዎም ድርሻ ሊታሰብ ይገባል ባይ ነኝ።

እኔ ከጎረቤቴ ጋር ዳማ እጫወታለሁ። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጎረቤቴ ቆርኪዎቹ አልቀው ሊሸነፍ ሲል ቀና ብሎ እርስዎን ይፈልጋል። እርስዎም አያሳፍሩትም። «ዳማው ረጠበ፣ በቃ እንደገና» ይላል። ባለሙያው ወደ ግራ ካዛወረዎት ወዲህ አሸንፌ አላውቅም።

ጠቢቡ ሰሎሞን በዝናብ ቀን የሚያንጠባጥብ ቤትንና ጠበኛ ሚስትን አንድ ናቸው ማለቱን ለባለቤቴ ነገርኳት። ከኪሮሿ ሳትነሳ «እሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኖ ማን አፍስሶበት ነው የሚያወራው?» አለች። አማቴ ሳቁ። እኔ ባልዲ ልደፋ ወጣሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ልግባ። ይውጡልን አንልም፤ ከእኛ ቀድመው ቤቱን የለመዱት እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ በረከት ነው ተብሎ ልጆች ከየቤቱ ሮጠው ወጥተው ይጠመቁበታል። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጭቃው ውስጥ መውጣት አይችሉም። ሳፋውን አንስተን ወንበራቸውን እርስዎ ሥር ልናደርግላቸው አስበናል። ስለዚህ ያን ቀን እንዳይቀሩብን፣ ደግሞም ሁለት ስንዝር ወደ ቀኝ ተመልሰው እንዲወርዱልን በትሕትና እንጠይቃለን። የግራው በኩል ቴሌቪዥኑ አለ።

ከሠላምታ ጋር፣
የቤቱ ውል የተፈረመበት ተከራይ

ግልባጭ፦
ለአከራያችን፣ እየዘነበ ሳለ እንዲያነቡት
ለጎረቤቴ፣ ዳማው ወደ ኩሽና መዛወሩን እንዲያውቀው
ለባልዲው፣ ለመረጃ ያህል