22 ደቂቃ እና 2 ሴኮንድ

ዘፈን ጀምሮ የማያስጨርስ ሰው ያናድደኛል። ስልኩን ከመኪናው ብሉቱዝ ጋር ያገናኝና ገና መግቢያው ሳያልቅ «ቆይ ቆይ፣ ሌላ አሪፍ አለች» ይላል። አሪፏም ሳታልቅ ሌላ አሪፍ ትተካለች። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ሲያደርግ ዝም አልኩት። ክራፍትቬርክን ሲነካብኝ ግን አልቻልኩም።

ክራፍትቬርክ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ላይ የመሠረቱት ባንድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1974 የሠሩት «አውቶባን» (በጀርመንኛ የፍጥነት መንገድ ማለት ነው) የሚባል ዘፈን ከ22 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የመኪና በር ይዘጋል፣ ሞተር ይነሳል፣ ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ በኋላ መንገድ ነው። ግራጫ አስፋልት፣ ነጭ መስመር፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ጓደኛዬ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ጀምሯል እኮ!

«ደሞ ማሽን ነው የሚጫወተው» ሲል ደግሞ የቆየ ቂሜ ተነሳ። የእህቴ ሠርግ ላይ «ሙሉ ባንድ» ተብሎ የተከፈለበት አንድ ልጅ ኪቦርዱን ይዞ መጣ። ከበሮው ከቁልፍ፣ ቤዙ ከቁልፍ፣ ማሲንቆው ሳይቀር ከቁልፍ። አንዷን ተጫነና ጥሬ ሥጋ ሊቆርጥ ሄደ። ሪትሙ ብቻውን ሲደልቅ ቆየ፣ እኛም ባዶ ወንበር ከበን ጨፈርን። ማሽን ተጫወተ የሚባለው ይሄ ነው! ሒሳቡ ግን የአምስት ሰው ነበር። ጀርመኖቹ የኤሌክትሪክ ከበሯቸውን ራሳቸው ሠርተው በብረት ዘንግ ይመቱት ነበር። እርግጥ ኋላ ላይ እነሱም መድረክ ላይ በምትካቸው ሮቦት አቁመዋል። ሮቦቱ ግን ሥጋ ሊቆርጥ አልሄደም። ግንባሬ ላይ ብር ለጥፉልኝም አላለም።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። እነዚህ ሰዎች አማርኛ ሳያውቁ ኖረውታል። ሞዘስ ፔልሃም የሚባል ፕሮዲውሰር በ1977 ከሠሩት «ሜታል አውፍ ሜታል» ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆርጦ በ1997 ለራፐሯ ሳብሪና ሰትሉር ዘፈን አዋለው። ሳያስፈቅድ። ሁለት ሴኮንድ! ጆሮ ጠቅ ለማድረግ እንኳ አትበቃም። ከሰሱት። ጉዳዩ በ2016 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2019 ሉክሰምበርግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት። ሽናይደር በ2020 ሲሞት ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር። እኛ ሰፈር በአንድ ክንድ የአጥር ድንበር ሲካሰሱ ልጅ የዳሩ ጎረቤታሞች አሉ። ዱሰልዶርፍ ላይ ዘመድ እንዳላቸው የነገራቸው የለም።

እኔም እፈርዳለሁ፤ ለከሳሾቹ። ባለ 22 ደቂቃውን የሠራ ሰው ሁለት ሴኮንድ ምን እንደምታወጣ ያውቃል። ሠርጉ ላይ የተወሰደብን ሰዓት በዚህ ስሌት ቢታሰብ ያ ልጅ ኪቦርዱን ሸጦም አይከፍለውም።

ለካ የጀመርኩት ስለ ዘፈን አሳላፊዎች ነበር። እነሱን በተመለከተ አንድ የሚያበሽቅ ነገር አለ። በ1975 አሜሪካ ውስጥ «አውቶባን» በቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 25ኛ ሲወጣ፣ ሬዲዮው የሚያጫውተው ሙሉውን አልነበረም፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ እንዲሆን የተቆረጠውን ነው። ይህችን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። ከሰማ አበቃልኝ።