ለክቡር ጉድጓድ፣ ባሉበት

ለክቡር የጎርፍ ቦይ ጉድጓድ
ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ መንገድ ዳር
ደሴ

ጉዳዩ፦ የሥራ ዘመንዎ እንዲራዘም ድጋፍ ስለመስጠት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጦሳ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ቁልቁል የሚንደረደረው ወደ እርስዎ ነውና ድካምዎ ይታወቀኛል። ወደ ቦርከና ማሳለፍ የነበረብዎትን ፌስታል፣ ጫማና የሃይላንድ ጠርሙስ ሁሉ ሆድዎ ውስጥ ይዘው መቆየትዎንም ሰፈሩ ያውቃል። አደራ ጠባቂ ነዎት።

እኛ ዘንድ ከእርስዎ የበለጠ የታወቀ አድራሻ የለም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ፣ ጉድጓዱ ጋ!» ሲባል ሹፌሩ የት እንደሚቆም አይጠይቅም። ደላላው ቤት ሲያከራይ «ከጉድጓዱ አለፍ ብሎ ሁለተኛው በር» ይላል። መንገዱ በመዝገብ ምን ተብሎ እንደተሰየመ የሚያውቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ድሮ ክዳን ነበርዎት። ደሴ አውራ ጎዳናው መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው ከባድ መኪና ሁሉ ከእኛ ጋር ገበያ ይወጣል። አንድ ቀን አንዱ ሲኖ ለተሳቢ ልልቀቅ ብሎ ጎማውን የእግረኛው መንገድ ላይ ሰቀለና ክዳንዎን ለሁለት ከፈለው። ስብርባሪው ወደ ውስጥ ገባ። ፌሮው ጥቂት ቀን ወደ ላይ ተቀስሮ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ተሰወረ። የት እንደገባ አላህና ቁራሌው ያውቃሉ። እርስዎም በማግስቱ መደበኛ ሥራዎን ጀመሩ።

ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ደሃና ሀብታም ሳይለይ ግብር ይበላ ነበር ይባላል። ያንን ወግ ዛሬ በተግባር የያዙልን እርስዎ ነዎት። ከመስጊድ የሚመለሱት ሐጂም፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት እማሆይም፣ ስልኩን እያየ የሚሄደው ተማሪም እርስዎ ዘንድ እኩል ናቸው። ወላሂ፣ ዘርና ሃይማኖት የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ተቋም በከተማው የለም። እስካሁን ያላስተናገዱት ሹም ብቻ ነው፤ እሱም በመኪና ስለሚያልፍ እንጂ በእርስዎ ንፉግነት አይደለም።

ጽናትዎንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃችን ሲደርስ ብዙዎቻችን ፍራሽ ተሸክመን ስንወጣ እርስዎ ንቅንቅ አላሉም። ተመልሰን ስንገባ ስንቱ ነገር ተዘርፎ ነበር፤ እርስዎን የነካ አልነበረም።

ስለ ባልደረባዎም ላንሳ። አጠገብዎ እሸት የሚጠብሱት እናት በየጊዜው ትኩስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አፍዎ ላይ ይሰኩልዎታል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ያስራሉ። ሲመሽና ጉሙ ሲወርድ በቆሎውን እያገላበጡ «በዚያ በኩል የኔ ልጅ፣ በዚያ በኩል፣ አደራ!» ይላሉ። በዚህ መንገድ ላይ የእግረኛ ደህንነት ባለሙያ ቢባል እኔ የማውቀው እሳቸውን ነው። ደሞዝ የላቸውም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ምድጃቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ፤ ቅርንጫፉ ግን አይነሣም፤ ሕገ ወጥ የተባለው በቆሎው ነው።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ጎርፉ ሲሞላ እርስዎና አስፋልቱ አትለዩም፤ ሁሉም አንድ ቡናማ ውሃ ነው። እንዲህ ባለ ቀን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ በሌላው ዘንቢል ይዛ መጣች። ቀይ ፌስታሉን አየችና በእርስዎ ዳር ማለፉን ፈርታ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ከኋላዋ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ አይሱዙ። አይሱዙው ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ክው አለች፤ ባጃጁ ቀሚሷን በጭቃ ውሃ ነክሮ በጎኗ ሾልኮ ወጣ። ዘንቢሉ ተደፋና ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ወደ እርስዎ ገባ። ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ይስቅ ነበር፤ ጨዋታ መስሎታል።

ሽንኩርቱን ይበሉት። እኔ የማስበው አይሱዙው ፍሬን ባይዝ ኖሮ ስለሚሆነው ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መኪና ገጭቶ ለገደለው ሰው ቢበዛ 40,000 ብር፣ ለተጎዳ ንብረት ደግሞ ቢበዛ 100,000 ብር ብሎ ነበር ጣሪያውን ያስቀመጠው። በዚያ ሒሳብ ሴትዮዋ የሰው ሱቅ ግንብ ብትሆን ይሻላት ነበር።

«ታዲያ ለምን አይከደኑም?» የሚሉ ነገረኞች እንዳሉ ሰምተው ይሆናል። ክዳን ማለት ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ሲሚንቶ፣ ጥቂት ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠር፣ እንዲሁም የአንድ ግንበኛ ግማሽ ቀን ነው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ በጀት አያውቁም። ለመንገድ ጥገና የሚሆን ገንዘብ እንኳ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ ፈንድ በሚባለው በኩል ይሰበሰባል፤ ያ ባጃጅ የሚቀዳው እያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ የሚቆረጥ አለ። ሲከፋፈል ግን ትልቁ ድርሻ ለፌደራሉ አውራ ጎዳና፣ ቀጥሎ ለክልል መንገድ ይሆንና ከተሞች ጋ ሲደርስ ቅምሻ ነው። ቅምሻው ሲመጣም ቀድሞ ዓይን የሚገባው ጎማ የሚሰብረው ጉድጓድ ነው። እርስዎ የሚሰብሩት እግር ነው፤ እግር ደግሞ ነዳጅ አይቀዳም።

የዓለም ባንክም ገንዘብ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ይዞ በየዓመቱ እንደ ተማሪ ይፈትናቸው፣ እንደ ውጤታቸውም ይመድብላቸው ነበር። በየከተማው ስንት ኮብልስቶንና ስንት ቦይ በእንዲህ ያለ ገንዘብ ተሠርቷል፤ ምስጋና አልነፍገውም። ነገር ግን ሪፖርት ላይ የሚያምረው አዲስ ኪሎ ሜትር ነው። «በዚህ ሩብ ዓመት አንድ የተሰበረ ክዳን መልሰን ከደንን» ብሎ ጽፎ እድገት ያገኘ ባለሙያ ካለ ያሳዩኝ።

ነዋሪው ዝም አላለም። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ በየቤቱ ያዋጣ ሕዝብ ነው። እድር ላይ የእርስዎ ነገር ተነሥቶ አንዱ «አዋጥተን እንክደነው» ሲል ሌላው «የመንግሥት ንብረት ነክታችሁ ኋላ ትጠየቃላችሁ» አለ። ጸጥ ተባለ። ስብሰባው በዱዓ ተዘጋ።

እኔም አቤት ልል ሄጄ ነበር። አንደኛው ክፍል እርስዎን ፍሳሽ ነው አለ፤ ፍሳሹ ክፍል መንገድ ነው አለ። የመጨረሻው ሰውዬ በጣም ትሑት ነበሩ፤ ወንበር ሰጥተው «አብሽር፣ ኮሪደሩ ሲደርስ አብሮ ይታያል» አሉኝ። ኮሪደር ልማቱን ክፉ አልናገርም፤ ደሴም ኮምቦልቻም በደረሰበት እግረኛ እንደ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል። ግን እኛ ሰፈር እስኪደርስ እግራችንን የት ሰቅለን እንጠብቅ?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በአገራችን ገንዘብ የሚገኘው ለሚመረቅ ነገር ነው፤ ጥገና አይመረቅም። እንግዲያውስ እርስዎን እናስመርቅ። ድንኳን ይጣል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደርደር፣ ለክብር እንግዶች ለስላሳና የታሸገ ውሃ ይቅረብ። ባነሩ ላይ «የእግረኞች ደህንነት ማሻሻያ ሜጋ ፕሮጀክት፣ ምዕራፍ አንድ» ተብሎ ይጻፍ። ክዳንዎ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይና ሪባኑ ሲቆረጥ ይገለጥ፤ መቀሱንም ለእሸት ሻጯ እናት ይስጧቸው፣ በጭብጨባው መሀል ደንብ አስከባሪ አይነካቸውም። የባነሩና የለስላሳው ወጪ ከክዳኑ ይበልጣል የሚል ይነሣ ይሆናል፤ አይስሙት። ያለ ባነር ክዳንም የለ። ምዕራፍ ሁለት ከእርስዎ በታች ያለው ወንድምዎ ነው፤ እሱ ሁለት ክዳን ስለሚፈልግ ጥናት ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ንግግር የሚያደርጉት እንግዳ ምረቃው ሳይጠናቀቅ ወደ ኋላ ፈቀቅ እንዳይሉ ይንገሩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ እግረኛ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው አካል (ከተገኘ)
ለቁራሌው፣ የአዲሱ ክዳን ፌሮ ሲሚንቶው ውስጥ መሆኑን አውቆ እንዲታገሥ
ለፋይናንስ ክፍል፣ ባነሩን አስቀድሞ እንዲያጸድቅ