ለሜዲቴሽን የምትወጡ፣ ቡናውን በአንዴ አትቁረጡ

ሰላም ወዳጆች። ቅዳሜና እሁድ ከጅማ ወጣ ብለው ለቡድሂስት ሜዲቴሽን (ትንፋሽን እየተከታተሉ በጸጥታ መቀመጥ) ለሚሄዱ ሰዎች «ቡድሂዝም ቡና ይከለክላል፣ ከዓርብ ጀምሮ አንድ ስኒ እንዳትቀምሱ» የሚል ምክር እየተቀባበላችሁ ነው። በቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም።

የቡድሂዝም ምእመናን ከሚይዟቸው 5 መመሪያዎች የመጨረሻው የሚከለክለው የሚያሰክርና ልብ የሚያስት ነገርን ነው። ቡና ደግሞ አያሰክርም፣ የጅማ ሰው ምስክር ነው። ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ክፍል መነኮሳትማ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ሻይ እየጠጡ ነው የኖሩት።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከአቦል እስከ በረካ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምረዋል፣ አንድ ሁለት ቀን ላይ ደግሞ ይብስበታል። ዓርብ ጠዋት ካቆማችሁ እንግዲህ ሁለቱንም ቀን ትንፋሻችሁን ሳይሆን ግንባራችሁን ስትከታተሉ ልትውሉ ነው፤ ድብርቱና መነጫነጩ ሳይቆጠር። መቀነስ የፈለገ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት ቀስ እያለ ይቀንስ። መጀመሪያ በረካን፣ ከዚያ ቶናን።

ማጣራት ቀላል ነው። 5ቱን መመሪያዎች ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ከዚያ አዘጋጆቹ ጋ ደውላችሁ ቡና ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ላያቀርቡ ይችላሉ፤ ያ ግን የቦታው ደንብ ነው እንጂ የሃይማኖቱ ክልከላ አይደለም።