የሶፍትዌር ስህተት፦ ይታገድ ወይስ ተይዞ ይመዝገብ?

የመከላከል ወገን፦ ከውጭ የሚገባ ዳታ ሁሉ በመግቢያው ላይ ይፈተሽ። ዕድሜው ከዜሮ በታች የሆነ፣ ቀኑ ያልተሞላ ቅጽ እዚያው ይመለስ። ባዶ እሴት የማይቀበል ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ከተጠቀምን ብዙውን የባዶ እሴት ስህተት ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ራሱ ይይዘዋል። በየፋንክሽኑ (በየኮዱ ክፍል) ትራይ-ካች፣ ማለትም የተነሳ ስህተትን የሚይዝ ኮድ፣ የሚደረድር ባጉን (የኮዱን ስህተት) ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። በደንብ የተጻፈ ኮድ ሎግ (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሆነውን የሚጽፍበት መዝገብ) አያስፈልገውም።

የመዝገብ ወገን፦ አያስፈልገውም? ዲስክ ሲሞላ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ኮምፓይለርዎ የት አለ? የክፍያ ጥያቄ ተልኮ መልሱ ሳይመጣ ታይምአውት ሆነ (የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ) እንበል። ገንዘቡ ተቆርጧል? የጥያቄው መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱና መጠኑ ሎግ ላይ ካልሰፈረ ማን ያውቃል? በድፍረት እንደገና ከላኩት ሁለቴ ሊቆረጥ ነው።

የመከላከል ወገን፦ ሁለቴ እንዳይቆረጥ የሚያግደው ተቀባዩ ሰርቨር መለያ ቁጥሩን አስቀድሞ ሲፈትሽ ነው። ይህ መከላከል ነው! እ.ኤ.አ. በ1996 የወደመውን የአሪያን 5 ሮኬት ያስታውሱ። ባለ64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ16 ቢት ሲቀየር ከ32,767 አለፈ፤ ቅየራው ጥበቃ አልነበረውም። ሮኬቱን የትኛው ሎግ መለሰው?

የመዝገብ ወገን፦ ታሪኩን ለምን ከግማሹ ያቆሙታል? ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚነሳ ስህተት) ሲነሳ የአቅጣጫ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነበር የተሠራው። ተጠባባቂውም ያንኑ ሶፍትዌር ስለያዘ በዚያው ስህተት ቀድሞ ጠፍቷል። ከአቅጣጫ ኮምፒውተሩ የተላከውን የምርመራ መረጃ ዋናው ኮምፒውተር የበረራ መረጃ አድርጎ አነበበው። ያ ቁጥር የወጣበት ስሌት እኮ ሮኬቱ ከተነሳ በኋላ ጥቅም አልነበረውም! ስህተቱን ይዞ በግምታዊ ዋጋ መቀጠል ይቻል ነበር። «ሎግ አያስፈልገውም» ላሉት ግን እስካሁን መልስ የለዎትም።

የመከላከል ወገን፦ አንዲት ዓረፍተ ነገሬን ይዘው ሌላውን ሁሉ መተውዎ ያሳዝናል። ሎግ ራሱ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው የሎግ4ጄ (ሎግ የሚጽፍ የጃቫ ሶፍትዌር) የደኅንነት ክፍተት፣ አጥቂ የላከው ጽሑፍ ሎግ በመደረጉ ብቻ ሰርቨሩ የአጥቂውን ኮድ አምጥቶ ሊያስኬድ ይችል ነበር። «በግምት ይቀጥል» የሚሉትም ያስፈራል። ሂሳብ የሚጽፍ ፕሮግራም በግምት ከቀጠለ የተበላሸውን ቁጥር ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ ባክአፑም ይበላሻል። ይቁም!

የመዝገብ ወገን፦ ሂሳቡ ይቁም፣ ትራንዛክሽኑም ወደነበረበት ይመለስ፤ በዚህ አልከራከርም። አንድ ፎቶ አልጫን ስላለ ግን ገጹ በሙሉ ለምን ይወድቃል? የሚቆመውም ቢሆን የገባውን ዳታ የይለፍ ቃሉን ሸፍኖ፣ ኤረሩን ከነስታክ ትሬሱ (ስህተቱ የተነሳበትን የኮድ መስመር ከሚያሳየው ዝርዝር ጋር) ጽፎ ይቁም። አለዚያ ጠዋት ሪስታርት ይደረግና በዚያው መስመር ላይ እንደገና ይወድቃል።