ሊብሬው የኔ፣ ፓስወርዱ የእነሱ

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ጋራዥ ውስጥ ቆመናል። ወንድሜ መኪናውን ያመጣው የኋላ ፍሬን ሸራ ለማስቀየር ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ። ጋሼ የምንለው መካኒክ ሸራ መቀየር ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቪትዝ በለው፣ ዲኤክስ በለው፣ አባዱላ በለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ይህችኛዋ ግን ኤሌክትሪክ ናት። ለቻይና ገበያ የተሠራች፣ ትንሽ ያገለገለች፣ ስክሪኗም በቻይንኛ ብቻ የሚያወራ።

ጎማው ተፈታ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመኪናዋ የእጅ ፍሬን የሚሳብ እጀታ የለውም። የኋላ ፍሬኑ ላይ የተገጠመች ትንሽ ሞተር ናት የምታጠብቀው። አዲሱ ሸራ እንዲገባ ሞተሯ ወደ ኋላ መመለስ አለባት። የምትመለሰው ደግሞ በኮምፒውተር ስትታዘዝ ነው። ረዳቱ የመኪናን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር አምጥቶ ከመሪው ሥር ሰካው። ስካነሩ መኪናዋን አወቃት፣ የብልሽት ኮዶቹንም አነበበ። ፍሬኑን እንዲለቅ ሲታዘዝ ግን ኢንተርኔት ጠየቀ። ዳታ ከፈትንለት። አሰበ፣ አሰበና «ፈቃድ የላችሁም» አለን።

ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወንድሜን አየው።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?»

«በኔ ነዋ ጋሼ።»

«ታዲያ ፈቃጁ ማነው?»

ወንድሜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። አምራቾች ከራሳቸው ወኪል ውጭ ያለ ጋራዥ የመኪናውን ኮምፒውተር እንዳይነካ በር መዝጋት ከጀመሩ ቆይተዋል። እዚህ ላይ ማንበብና ማዘዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ በርካሽ ስካነር ኮዱን ማንበብ የምንችለው አምራቾች ቸር ስለሆኑ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት ኮድ ስላስገደዱ ነው። ያስገደዱትም ለጋራዥ አዝነው ሳይሆን የመኪና ጭስ ለመቆጣጠር ነው። ሕጉ የተወለደው ከጭስ ነው ማለት ነው። የወንድሜ መኪና ጭስ የላትም። ስለዚህ ያ የድሮ ሕግ ለእሷ ብዙም አይደርስላትም።

የጋራዥ ቋንቋችንን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም የጣሊያን ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ፣ ሙያውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓይነት መኪና መጣ! ፊያቱ አርጅቶ ቶዮታው ሲተካ፣ አይሱዙው ሲከተል፣ ልጆች ከመካኒክ ሥር ቁልፍ እያቀበሉ ተማሩት። መማር የቻሉት ማሽኑ ምንም ስለማይደብቃቸው ነው። ፈተህ ታየዋለህ፣ ያልገባህን ደግመህ ትፈታለህ። ካቻቢቴ ፓስወርድ ጠይቆ አያውቅም።

አምራቾቹ የሚሰጡት ምክንያት የሳይበር ደኅንነት ነው። ምክንያቱ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጋዜጠኛ የሚነዳውን ጂፕ ቼሮኪ ቤታቸው ቁጭ ብለው በአውራ ጎዳና ላይ አቅም አሳጡት። ጋዜጠኛው ሙከራው እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ደንግጧል። አምራቹ ፊያት ክራይስለር 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከያ ጠራ። ከዚያም ከ2018 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎቹ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ኬላ ተከለ። በኬላው አልፎ መኪናውን ለማዘዝ መመዝገብ፣ መክፈልና በኢንተርኔት ከአምራቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ግድ ሆነ።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ተመራማሪዎቹ የገቡበት በር ነው። በጋራዥ ሶኬት አልገቡም። አምራቹ ራሱ በገጠመው የሞባይል ኢንተርኔት ነው የገቡት። ሌባው በጣሪያ ሲገባ ባለቤቱ የጎረቤቱን በር ቆለፈ።

ኬላው ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሾቹ ኤ.ቲ.ዩ. የተባለው የጀርመን ጋራዥ ድርጅትና የመኪና መስታወት የሚቀይረው ካርግላስ ናቸው። መስታወት ቀያሪ ምን አገባው እንዳትሉ። ዛሬ የፊት መስታወቱ ላይ ካሜራ አለ፤ መስታወት ከተቀየረ ካሜራው እንደገና በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኦክቶበር 5 ቀን 2023 ለከሳሾቹ ፈረደ። አምራቹ በኅብረቱ ደንብ ላይ ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ከራሱ መጨመር አይችልም አለ። ደንቡ ለጥገና መረጃ ተመጣጣኝ ዋጋ ማስከፈልን ይፈቅዳል፤ እኔም በነፃ ይሰጠን አላልኩም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እና በ2020 በዚሁ ጉዳይ ድምፅ ሰጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ከጋራዦቹ ጎን ቆሟል። ራቅ ያለ ከመሰላችሁ ደቡብ አፍሪካ አለች። የውድድር ኮሚሽኗ መመሪያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ባለመኪናው ዋስትናው ሳያልቅ እንኳ ወደ ፈለገው ጋራዥ እንዲሄድ ይፈቅድለታል።

ወደ አዳማ እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውሳኔውን አልቃወምም። የነዳጅ ዶላር እንደሚያስጨንቅና መብራቱ ከውኃ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ምን ዓይነት መኪና እንደምንገዛ መንግሥት ሲወስን፣ የሚጠገንበትንም መንገድ አብሮ ማሰብ ነበረበት። ወንድሜ መኪናዋን በቅናሽ ቀረጥ አስገባ፣ ታርጋ አወጣ፣ ግብሩን ከፈለ። ፍሬን ለማስቀየር ግን የማያውቀው አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር እሺ ማለት አለበት።

ወደ አዲስ አበባ ይውሰዳት ትሉ ይሆናል። ደውለን ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አስመጪ መኪናዋ በእሱ በኩል ስላልገባች አይመለከተኝም አለን። ደግሞስ ፍሬኗ የተፈታ መኪና በፍጥነት መንገድ ነድቶ ማን ይሄዳል? ደህና ብትሆን እንኳ ከአዳማ አዲስ አበባ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ባትሪው እንዴት እንደሚያልቅ የወጣ ያውቀዋል።

ረዳቱ ሌላ መላ አቀረበ። ፓስወርዱ የተሰበረ ሶፍትዌር በቴሌግራም ይሸጣል አለ። ጋሼ በቁጣ አየው። በሩን ስትዘጋው ሰው በአጥር ይዘላል፤ ደኅንነት ተብሎ የተሠራው ቁልፍ ሐቀኛውን መካኒክ አስቀርቶ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ሶፍትዌር ወደ መኪናው ያስገባል።

አንድ ነገር ግን ለአምራቾቹ እሰጣለሁ። የእነዚህ መኪናዎች ዋና ባትሪ 400 ቮልት አካባቢ ነው፣ የአንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ይገድላል። እንኳን ጀማሪ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራ መካኒክም ሳይሠለጥን መንካት የለበትም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ሠልጥኖ የተፈተነ መካኒክ የመግቢያ ፈቃድ ይሰጠው፣ ይመዝገብ፣ ሲያጠፋም ይጠየቅ። ፍሬን ሸራ ለመቀየር ግን የቻይና ይሁንታ ምን ይሠራል?

ታዲያ ትንሽ አገር አምራቾችን ምን ብላ ታስገድዳለች? እኔ መልሱ ጉምሩክ በር ላይ ያለ ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ መኪና በቀረጥና በታክስ ቅናሽ ሲገባ አገሪቱ ገቢዋን እየተወች ነው። ቅናሹን ስትሰጥ አንድ መስመር ትጨምር። አስመጪውም ሆነ ገጣጣሚው ያመጣው ሞዴል የሚመረመርበትን ሶፍትዌር፣ የጥገና መመሪያውንና መግቢያውን በሚነበብ ቋንቋ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ፈቃድ ላለው ጋራዥ ሁሉ ያቅርብ። ይህን ማድረግ ያልቻለ ሙሉ ቀረጡን ይክፈል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ገዢው ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ጽፏል። የስክሪኑ ቋንቋ እንኳ የማይገባው ገዢ ምን መረጃ አገኘ ይባላል?

የወንድሜ መኪና መጨረሻ ምን ሆነ? ጋሼ ትንሿን ሞተር ፈትቶ አውጥቶ በእጁ እያሾረ መለሳት። ግማሽ ሰዓቱ አራት ሰዓት ሆነ። ሸራው ገባ፣ ፍሬኑም ይይዛል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ግን አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ቀረች፤ እሷን ለማጥፋትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሼ ለጊዜው ብሎ ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ ለጠፈባት። ይኸው ወር አለፈው፤ ናስትሮው ጫፉ መላጥ ጀምሯል።